መሣሪያውን የሠራ ቅኝቱን ይወስናል
ከቅል መለከት እስከ በእጅ የተሠራ ኮምፒዩተር

ሙዚቃ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚታወሰው ዘፋኙ ነው። ከዘፋኙ ቀጥሎ የግጥሙና የዜማው ደራሲ፣ ከዚያም ተጫዋቹ ይወሳል። መሣሪያውን የጠረበው፣ የፋቀው፣ ጅማቱንም የወጠረው ሰው ግን ስሙ እምብዛም አይጠራም። ይሁን እንጂ ተጫዋቹ በአደባባይ የሚያሰማቸው ድምፆች እርሱ እጁን ከማንሳቱ በፊት ተወስነው ያደሩ ናቸው። ክራር ሠሪው የጅማቱን ብዛት፣ ዋሽንት ሠሪው የቀዳዳዎቹን ርቀት፣ መለከት ሠሪውም የቅሉን ርዝመት ሲወስን፣ በዚያ መሣሪያ ምን ሊባል እንደሚቻልና ምን ሊባል እንደማይቻል መለየቱ ነው። ስለዚህ የሙዚቃ መሣሪያ ታሪክ የቁሳቁስ ታሪክ ብቻ ሊሆን አይችልም። የትኞቹ ድምፆች ተቀባይነት እንዳገኙ፣ የትኞቹስ እንደ ስሕተት ተቆጥረው እንደ ተገፉ የሚያስረዳ ታሪክም ነው።

በአሁኑ ጊዜ ከሠርግ ድንኳን እስከ ባህል ማዕከል መድረክ ድረስ በብዛት የሚታዩት መሣሪያዎች ኪቦርድና ኮምፒዩተር ናቸው። ሁለቱም ከሩቅ ፋብሪካ ተሠርተው፣ ድምፃቸውም ተለክቶና ተቆጥሮ ይመጣሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ባለፉት አራትና አምስት አሠርት ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች የኤሌክትሮኒክና የዲጂታል መሣሪያቸውን በገዛ እጃቸው ሠርተው በሕዝብ ፊት የተጫወቱ ሙዚቀኞች ተነስተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን ሙዚቀኞች ታሪክ በአጭሩ መዘርዘር፣ ታሪኩም ከአገራችን ጋር የሚገናኝባቸውን ነጥቦች ማሳየት፣ በመጨረሻም ከአሶሳ እስከ ማንቡክ ለሚገኙ መምህራንና የኪነት ሰዎች ምን ትምህርት እንደሚሰጥ መመርመር ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ

ታሪኩን ከኤሌክትሪክ በፊት መጀመር ይገባል። በአሶሳ ዙሪያና ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት የሚኖረው የበርታ ሕዝብ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት አለው። ዋዛ ይባላል። ቅሎቹ እየተቆረጡ አንዱ በሌላው ውስጥ ይሰካሉ፤ መጋጠሚያቸው ይታሰራል፤ የመለከቱም ርዝመት እንደሚፈለገው ድምፅ ይወሰናል። ረጅሙ ወፍራሙን፣ አጭሩ ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል። እያንዳንዱ መለከት በመሠረቱ የአንድ ድምፅ ባለቤት ነው።

የዚህን መሣሪያ ምስጢር የሚገልጸው አጨዋወቱ ነው። ነፊዎቹ አሥርና ከዚያ በላይ ሆነው ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ተራው ሲደርስ ብቻ ያሰማል፤ ተራው ሳይደርስ ዝም ይላል። ዜማው የሚፈጠረው ከእነዚህ ድምፆች መጠላለፍ ነው። ከነፊዎቹ መካከል ዜማውን ብቻውን መጫወት የሚችል ማንም የለም። አንድ ሰው ከጎደለ ዜማው እንደ ጥርስ ክፍተት ይኖረዋል፤ አንድ ሰው ከቸኮለ ሁሉም ይሰናከላል። ስለዚህ የዋዛ ነፊ ዋና ችሎታ ከመንፋቱ ይልቅ ሌሎችን ማዳመጡ ነው።

ይህ ሥርዓት በበርታ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በቀድሞው ዘመን በቤተ መንግሥት ክብረ በዓል ይነፋ የነበረው እምቢልታም የጣት ቀዳዳ የሌለው፣ በጥንድና በሦስት ሆኖ ድምፅ እየተቀባበለ የሚነፋ መሣሪያ ነው። በደቡብ የደራሼ ሕዝብ ፊላም ከሸምበቆና ከቀርከሃ የሚሠራ ሲሆን ብዙ ሰዎች በየፊናቸው እየነፉ አንድ ሙዚቃ ያወጡበታል። ከዓባይ ወዲህ፣ በመተከል ዞን፣ የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በማንቡክ ዙሪያም ቢሆን ምድሩ የቆላ ቀርከሃ አገር ነው። ለመሣሪያ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ ከገበያ ሳይሆን ከዱር ይገኛል።

ከዚህ ሁለት ነገር መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ መሣሪያው በውስጡ ማኅበራዊ ሕግ ይዟል፤ አብሮ መሥራትን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ግዴታ ያስቀምጣል። ሁለተኛ፣ ቅኝቱ የሠሪው ነው። የአንዱ ስብስብ መለከቶች እርስ በርሳቸው ይስማማሉ እንጂ ከሩቅ አገር ከመጣ መለኪያ ጋር እንዲስማሙ ማንም አልጠየቃቸውም።

የካይሮው ሽቦና የአዲስ አበባው ኦርኬስትራ

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከ1948 የፓሪስ ሙከራ ይጀመራል። በዚያ ዓመት የሬድዮ ባለሙያው ፒዬር ሼፈር የባቡርና የሌሎች ነገሮችን ድምፅ ቀርጾና ቆራርጦ ሙዚቃ እንዳደረገው ይነገራል። ይሁን እንጂ ከዚያ 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ ሐሊም ኤል ዳብ የተባሉ ግብፃዊ ወጣት በካይሮ ከአንድ የሬድዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ ተውሰው የሴቶችን የዛር ሥነ ሥርዓት ቀርጸው ነበር። ቅጂውንም እንደ ማስታወሻ አልተዉትም። ወፍራሙን ድምፅ ቀንሰው፣ ማስተጋባትን ጨምረው፣ የሰው ጉሮሮ የማይመስል ረቂቅ ጥላ አደረጉት። ዛር በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በሱዳንና በግብፅ የሚታወቅ ሥርዓት በመሆኑ፣ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ የተቀረጸ ድምፅ ሙዚቃዎች አንዱ የተወለደው እኛም ከምናውቀው የሥርዓት ዜማ ነው ማለት ይቻላል።

ኤል ዳብ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በ1959 በኒው ዮርክ በኮሎምቢያና ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠሩ። በ1962 ደግሞ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዩኒቨርሲቲው ማስተማር ጀመሩ። እዚህ ላይ ታሪኩ ያልተጠበቀ መንገድ ይይዛል። በዘመኑ ከነበሩት እጅግ የተራቀቁ የድምፅ መሣሪያዎች መካከል የሠሩት ሰው አዲስ አበባ ሲደርሱ ያቋቋሙት የኤሌክትሮኒክ ስቱዲዮ አልነበረም። በ1963 ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ ተጫዋቾችን ከየብሔረሰቡ አሰባስበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። ቀደም ሲል በአንድ መድረክ ላይ ያልተገናኙ መሣሪያዎች በአንድ ላይ እንዲናገሩ ማድረግ ከባድ ሥራ ነበር። በየአካባቢው በጆሮ የተቃኙት መሣሪያዎች አንዱ የሌላውን ቅኝት መቀበል ነበረባቸውና።

ኤል ዳብ በ1964 ከኢትዮጵያ ሄዱ። ከእርሳቸው ቀጥሎ አሜሪካዊው ጆን ኮ፣ ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ተስፋዬ ለማ ኦርኬስትራውን መሩ። ቡድኑ በ1969 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ትርኢት አሳየ፤ በ1975ም ተበተነ። ኤል ዳብ እስከ 2017 ዕለተ ሞታቸው ድረስ በሙዚቃው ዓለም በሁለቱም ሥራዎቻቸው ሲወሱ ኖረዋል። ከሥራቸው የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ለእርሳቸው የሽቦው መቅረጫና የእምቢልታው ቱቦ ተቃራኒዎች አልነበሩም፤ ሁለቱም ሰው ድምፅን እንደ ጭቃ የሚያቦካባቸው ዕቃዎች ነበሩ።

ፋብሪካው የወሰነው ቅኝት

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ግን በአገራችን የኤሌክትሪክ መሣሪያ የገባው በሌላ በር ነው። ኦርጋን፣ የኤሌክትሪክ ጊታርና በኋላም ሲንተሳይዘር የሆቴል ባንዶች መሣሪያ ሆኑ። ከ1974 በኋላ የተጣለው ሰዓት እላፊ የሌሊቱን የሙዚቃ ሕይወት አዳከመ፤ ሸክላም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። ብዙ ነፊዎችን ያሰልፉ የነበሩት ትልልቅ ባንዶች እየተመናመኑ ሲሄዱ አንድ ኪቦርድ የነሐስ መለከቶችን፣ የባስ ጊታርንና የከበሮን ሥራ ጠቅልሎ ያዘ።

ለዚህ ለውጥ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የሃይሉ መርጊያ ሥራ ነው። ሃይሉ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ በ1981 አሜሪካን ሲጎበኝ ከቀሩት አንዱ ሆነው በዋሽንግተን ኖሩ። በ1985 ባወጡት ካሴት አኮርዲዮን፣ ሞግ ሲንተሳይዘር፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖና የከበሮ ማሽን ብቻቸውን ተጫውተው የአንድ ባንድ ሙሉ ሥራ ሠሩ። ሥራው በ2013 እንደ ገና ታትሞ ሲወጣ በልዩ ልዩ አገሮች አዳዲስ አድማጮችን አገኘ። አኮርዲዮኑ የቀድሞውን ዘመን ዜማ ሲያዜም ማሽኑ ከሥሩ ሳይደክም ይመታል። ባንዱን ያጣ ሰው ባንዱን በማሽን ተክቶ የራሱን ሙዚቃ እንዳላጣ ይህ ሥራ ይመሰክራል።

ሆኖም ሁሉም ኪቦርድ ተጫዋች ሃይሉ መርጊያ አይደለም። ኪቦርድ ስምንት ድምፅ ያለውን ርቀት፣ ማለትም ኦክታቩን፣ 12 እኩል ቦታ ይከፍላል። ይህ አከፋፈል የአውሮፓ ሙዚቃ ለራሱ ችግር ያበጀው መፍትሔ ነው። በ1983 ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሚሠሯቸው መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ሚዲ የተባለ የጋራ ቋንቋ ወጣ። ሚዲ ለ128 ድምፆች ቁጥር ሰጠ፤ ቁጥሮቹም እንደ ተለመደው በፒያኖ ቁልፎች ቅደም ተከተል የተደረደሩ ናቸው። እነሆ፣ ከዚያ ወዲህ በቁልፍ ያልተወከለ ድምፅ በዓለም የሙዚቃ ማሽን ዘንድ እንደሌለ ሊቆጠር በቃ።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በክራር ላይ በጆሮ የሚቃኙ ናቸው። አንድ የክራር ባለሙያ ጅማቱን ሲያጠብቅና ሲያላላ የሚያገኘው ርቀት ከቁልፉ ርቀት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ በተለይም በአንቺሆዬ ልዩነቱ ለጆሮ ጎልቶ ይሰማል። የቅል መለከቶችን በኪቦርድ ለማጀብ ሲሞከር ደግሞ ችግሩ ይብሳል። መለከቱን መሳብና ማላላት አይቻልም፤ ኪቦርዱም ንቅንቅ አይልም። በዚህን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚፈረደው በመለከቱ ላይ ነው። «ከቅኝት ወጥቷል» ይባላል። ከማን ቅኝት እንደ ወጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በእርግጥ አንዳንድ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚያስችል ማስተካከያ አላቸው። ይሁን እንጂ ማስተካከያው የሚገኘው በቁልፎቹ ላይ ሳይሆን በመመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ገጾች ላይ ስለሆነ የሚነካው ሰው አይበዛም።

በጠረጴዛ ላይ የተበየዱ ኮምፒዩተሮች

የፋብሪካው ውሳኔ የማይለወጥ ዕጣ እንዳልሆነ ያሳዩት በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የተነሱ ጥቂት ሙዚቀኞች ናቸው። በ1976 ኪም 1 የተባለ አነስተኛ ኮምፒዩተር በ245 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። ሳጥን እንኳ የሌለው አንድ ሰሌዳ ነበር፤ የማስታወስ አቅሙም 1 ኪሎባይት ያህል ነው። በዚያ ዘመን በኮምፒዩተር ሙዚቃ ለመሥራት የዩኒቨርሲቲ ወይም የትልቅ ድርጅት በር ማንኳኳት ያስፈልግ ነበር። ይህች ሰሌዳ ግን ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ሙዚቀኛም ሊገዛት የምትችል ነበረች።

ጂም ሆርተን፣ ጆን ቢሾፍ፣ ሪች ጎልድና ጓደኞቻቸው በ1978 የአውቶማቲክ ሙዚቃ ደራስያን ማኅበር የሚል ስም ይዘው ተሰባሰቡ። እያንዳንዱ የራሱን ኮምፒዩተር አዘጋጀ፤ ድምፅ የሚያወጣበትንም ሰርኪዩት በየዶ ሠራ፤ ትእዛዙንም ራሱ ጻፈ። ከዚያም ኮምፒዩተሮቹን በሽቦ አገናኟቸው። የአንዱ ማሽን የሚያወጣው ድምፅ ለሌላው መረጃ ይሆናል፤ ሌላውም በዚያ ላይ ተመሥርቶ የራሱን ውሳኔ ይወስናል። ውጤቱ ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን ሊያቅደው የማይችል ሙዚቃ ነበር። ሙዚቃው ለለመደ ጆሮ የሚጎረብጥ፣ አድማጩም ጥቂት እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም። ማኅበሩ በ1983 ተበተነ።

ከአባላቱ መካከል ቢሾፍና ቲም ፐርኪስ ከሌሎች አራት ሙዚቀኞች ጋር ሆነው ዘ ሃብ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። በዚህ ቡድን መካከል ላይ አንድ የጋራ ኮምፒዩተር ይቀመጣል፤ ተጫዋቾቹ ስለሚሠሩት ነገር በየጊዜው መልእክት ያኖሩበታል፤ የሌሎቹንም ያነባሉ። በ1987 ቡድኑ በኒው ዮርክ ከተማ ለሁለት ተከፍሎ፣ በሁለት አዳራሾች ውስጥ በስልክ መስመር ተገናኝቶ ተጫወተ።

ይህ አሠራር ለአሶሳ ሰው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን መሣሪያ ሠርቶ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ከሙሉው ጥቂቱን ብቻ ይይዛል፤ ዜማው በማንም እጅ ሳይሆን በመካከላቸው ይኖራል። የካሊፎርኒያዎቹ ሙዚቀኞች በሽቦና በቁጥር የደረሱበትን ሐሳብ የዋዛ ነፊዎች በቅልና በትንፋሽ ሲሠሩበት ኖረዋል። አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለት አይደለም። ችግሩ አንድ ስለሆነ መፍትሔው ተቀራረበ እንጂ።

የቴፕ ሙዚቃ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ አይለወጥም፤ አድማጭ የሚሰማው ያለቀ ነገር ነው። በመድረክ ላይ በቀጥታ የሚጫወቱት ግን ሲያስቡ ይታያሉ፤ ሲሳሳቱም ይሰማሉ። በአፍሪካም ቢሆን ተመሳሳይ ጥበብ ታይቷል። በኪንሻሳ ኮኖኖ ቁጥር 1 የተባለው ቡድን ከአሮጌ መኪና ዕቃዎች ባገኘው ማግኔት የድምፅ መሳቢያ ሠርቶ፣ ሊኬምቤ የተባለውን የጣት ፒያኖ በከተማው ጫጫታ ላይ እንዲሰማ አድርጓል። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣውን ሻካራ ድምፅም እንደ ጉድለት አልደበቀውም፤ የሙዚቃው ጠባይ አደረገው።

ከክራር ወደ ኮምፒዩተር

በአገራችን ሙዚቀኞች ዘንድም ጥያቄው አልተዘነጋም። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ በ2007 እና በ2008 በአሜሪካ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲና በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በቆዩበት ጊዜ ከያዟቸው ሥራዎች አንዱ ክራርን ማዘመን ነበር። ክራር በአንድ ጊዜ አንድ ቅኝት ብቻ ይይዛል፤ ቅኝት ለመለወጥ ጅማቱን እንደ ገና መቃኘት ያሻል። ሙላቱ ክራሩ ጠባዩን ሳይለቅ ከሌሎች መሣሪያዎች እኩል እንዲራመድ ነው የፈለጉት። የደራሼ ሕዝብ በቀርከሃ መሣሪያው ዘመናዊ የሚባለውን የጃዝ ድምፅ አደራደር ቀድሞ ያውቅ እንደ ነበርም ደጋግመው ሲናገሩ ቆይተዋል። ለሙላቱ ገጠሩ የሙዚቃ ጥሬ ዕቃ ማከማቻ ብቻ አይደለም፤ የሙዚቃ ሳይንስም ያለበት ነው።

በ2010ዎቹ ደግሞ ከአዲስ አበባ አዲስ ትውልድ ብቅ አለ። ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚታወቀው እንደገና ሙሉ ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ሰየመው። ሚካኤል ሰይፉም በ2014 እና በ2016 ባወጣቸው ሥራዎቹ በውጭ አገር ተደማጭነት አገኘ። ሚካኤል በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በተማረበት ኮሌጅ ከመምህራኑ አንዱ ቤን ኒል ነበሩ። ኒል በርካታ ደወልና ቫልቭ ያለውን፣ ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ጋር የተጋባ ጥሩንባ ራሳቸው ሠርተው የሚጫወቱ ሙዚቀኛ ናቸው።

እነዚህ ወጣቶች የክራርን፣ የመሰንቆንና የዋሽንትን ድምፅ ከኮምፒዩተር ጋር ማዋሐዳቸው ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም አንድ ነጥብ ይቀራል። ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጫነው የሙዚቃ ሶፍትዌርም እንደ ኪቦርዱ ከፋብሪካ የመጣ ነው፤ ሲከፈት የሚታየውም የፒያኖ ሥዕልና በእኩል የተሰመረ የምት መስመር ነው። ድምፁን ማስገባት የመጀመሪያው ደረጃ ከሆነ፣ ቀጣዩ ደረጃ ድምፁን የሚወስነውን መሣሪያ ራሱን መሥራት ነው።

የትምህርት ቤት ሥራ

ይህ ሥራ ከአሁን በኋላ የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም። በ2005 በጣሊያን ኢቭሪያ ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራው አርዱዊኖ የተባለው አነስተኛ የኮምፒዩተር ሰሌዳ፣ ከእርሱም በኋላ የመጡት መሰሎቹ፣ ዋጋቸው ዝቅተኛ፣ አሠራራቸውም ለማንም ክፍት ነው። በእንዲህ ያለ ሰሌዳ ላይ አንድ ድምፅ ማለት አንድ ቁጥር ማለት ነው። በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ የኦርኬስትራ መቃኛ የሆነውን ድምፅ ይሰጣል፤ 880 ጊዜ ከሆነ ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይሰማል። በሁለቱ መካከል 12 ድምፅ ብቻ ይኑር ያለ የተፈጥሮ ሕግ የለም። 447 የሚል ቁጥር የጻፈ ሰው 447 ይሰማል።

እንግዲህ በማንቡክ ወይም በአሶሳ የሚገኝ የፊዚክስ መምህርና የሙዚቃ መምህር በጋራ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ። በመጀመሪያ የአንድን ስብስብ መለከቶች ወይም የቀርከሃ ዋሽንቶች ድምፅ አንድ በአንድ፣ ሠሪውና ነፊዎቹ ባሉበት፣ በስልክ መቅረጫም ቢሆን መቅረጽ ይቻላል። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ርግብግቢት መለካትና በሠንጠረዥ መጻፍ ይቻላል። በመጨረሻም ቁጥሮቹን በሰሌዳዎቹ ላይ አስፍሮ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ድምፅ መስጠት ይቻላል። በዚህ መንገድ የሚሠራው ዲጂታል ኦርኬስትራ የቅኝቱን ልክ ብቻ ሳይሆን የአጨዋወቱንም ሕግ ይጠብቃል። ከተማሪዎቹ አንዱ ከቀረ ዜማው ይጎድላል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛው፣ የሚለካው የአንድ ስብስብ ቅኝት እንጂ የሕዝቡ ሁሉ ቅኝት አይደለም። ሌላ ሠሪ ሌላ ርዝመት ሊመርጥ ይችላል፤ ይህም መብቱ ነው። አንዱን ሠንጠረዥ ሕግ አድርጎ ሌላውን በእርሱ ማረም፣ በኪቦርድ ላይ የተነሳውን ቅሬታ መልሶ መፈጸም ይሆናል። ሁለተኛው፣ ሰሌዳው የመለከቱ ምትክ መሆን የለበትም። ቅሉን የሚመርጠው፣ የሚቆርጠውና የሚያጋጥመው ባለሙያ እንደ መረጃ ምንጭ ብቻ ተጠርቶ የሚሰናበት ሳይሆን፣ የትምህርቱ መሪ ሆኖ መቀመጥ ይገባዋል። ቁጥሩ ትክክል መሆኑን የሚፈርደው በመጨረሻ የእርሱ ጆሮ ነውና።

ከካይሮው የሽቦ መቅረጫ እስከ ካሊፎርኒያዎቹ ሰሌዳዎች ያየነው ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አዲስ መንገድ የከፈቱት ከፋብሪካው ዘመናዊውን ማሽን ቀድመው የገዙት አይደሉም፤ መሣሪያውን ከፍተው ውስጡን ያዩት፣ ካላረካቸውም ሌላ የሠሩት ናቸው። የቅል መለከት ሠሪዎችም ከእነዚህ ሰዎች ወገን ናቸው። ሠሪዎቹ በሕይወት ሳሉ፣ ነፊዎቹም ገና ሲሰለፉ፣ ቅኝታቸውን በእነርሱ ምስክርነት መዝግቦ ለተማሪው እጅ ማስረከብ የባህል ማዕከላት፣ የመምህራንና የኪነት ባለሙያዎች የጋራ ሥራ ነው። ይህ ሳይሆን ቢቀር ነገ የመተከልና የአሶሳ ልጅ የአያቱን መለከት በሰማ ጊዜ «ከቅኝት ወጥቷል» ማለትን ከኪቦርዱ ይማራል።